የሳር አምባ የወረቀት አሞራ

እሱባለው የሒሳብ መምህር ነው። ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ከመጀመሩ በፊት መጨረሻውን ያሰላል ይባላል፤ በእሱ ላይ ግን ይህ አልሠራም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ድንበር ሳይገፋ፣ ሰው ሳያስቀይም፣ የጎረቤት ዶሮ እንኳ «እሽ» ሳይል ኖሮ ኖሮ፣ ጉድ የሠሩት አንድ የወረቀት አሞራና አንዲት ቀልድ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ዓመት ነው። ሳር አምባ ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ መኪና የሚደርሰው በበጋ ብቻ፣ ያውም ሾፌሩ ከደፈረ። ጠመኔውን ያስቀመጠ መምህር እንዲህ ባለ አገር ምን ይሥራ? እንዳያርስ መሬቱን ለእኩል ሰጥቷል፤ ስልኩን እንዳይነካካ ኔትወርክ የለም። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ደብረ ታቦር ሲማር አንድ የዶርም ጓደኛው ሲሠራ ያየውን የወረቀት አሞራ እሱም ይሠራ ጀመር። ተማሪዎቹ ካይት ይሉታል። ሽማግሌዎቹ አሞራ ነው የሚሉት፤ ለእሱም የሚጥመው ይኸኛው ስም ነው።

አሠራሩን ቀላል የሚመስለው ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከወንዝ ዳር መቃ ይቆርጣል፤ መቃው ቢወፍር አሞራው አይነሣም፣ ቢቀጥን ነፋስ ይሰብረዋል። ሁለቱን ዘንግ በመስቀል አጋጥሞ ያስራል፤ ዙሪያውን ክር ይወጥራል። ክሩን ከማዳበሪያ ከረጢት አንድ በአንድ እየመዘዘ ይቀጥላል። ሙጫው በውኃ የፈላ ዱቄት ነው። ጅራቱ ከሚስቱ ከፀደይ አሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጥለት ነው፤ እሷም ነጠላው አሮጌ መሆኑን የሰማችው ከተቀደደ በኋላ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የተማሪዎቹ የድሮ ፈተና ነበር። በጥቁር ስክሪብቶ የተጻፈ ስሌት፣ በላዩ የእሱ ቀይ እርማት፤ በዚያ አገር ሌላ ትርፍ ወረቀት ከየት ይመጣል?

በነፋሻ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጣና ይለቀዋል። ክሩ ሲወጠር በጣቱ ላይ የሚሰማው ምት አለ፤ ነፍስ ያለው ነገር የያዘ ይመስለዋል። ያን ጊዜ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ የተበተኑት ተማሪዎች፣ የጠፋው ወሬ ሁሉ ይረሳዋል። ደስ ይለው ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነችው ፀደይ ግን አልወደደችውም። «ሰማይ ላይ የሚዞር ነገር ሁሉ ሰው በሚያስደነግጥበት ዘመን አንተ ደግሞ ታበራለህ» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። ሚስቱን አለመስማት የመምህራን በሽታ ነው።

አምና በመስከረም መጨረሻ፣ ገብሱ እሸት ሆኖ ሳለ፣ እሱባለው ጉብታው ላይ አሞራውን ለቆ እንደ ቆመ ከጉና ተራራ በኩል ጥቁር ደመና መጣ። በረዶ የያዘ ደመና በመልኩ ይታወቃል፤ ሆዱ ነጣ ይላል። እሱባለው አሞራው እንዳይርስበት ክሩን እየሰበሰበ ወረደ። ደመናው በሳር አምባ ላይ አለፈና በረዶውን ወንዙ ገደል ውስጥ አራገፈው። የሳር አምባ አንዲት ዛላ አልረገፈችም።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር ድሮ በረዶ መላሽ ነበር። መሪጌታ ፍሬው የሚባሉ ሽማግሌ ደመና በመጣ ቁጥር እዚያው ጉብታ ላይ ወጥተው፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ ክታባቸውን ዘርግተው በረዶውን ወደ ማዶ ይሰዱታል ይባል ነበር። ሕዝቡም ከአውድማ አንዳንድ ቁና ገብስ ይሰጣቸው ነበር። እሳቸው ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ቦታው ባዶ ነበር። እንግዲህ ያው ጉብታ፣ ያው ደመና፣ ያው ቀይና ጥቁር ጽሕፈት፣ ያውም የቁም ጸሐፊ ብዕር በሚቀርጽበት በመቃ ላይ የተለጠፈ። እሱባለውስ ቢሆን በልጅነቱ ሦስት ዓመት ቤተ ልሔም ዜማ ቤት ደጅ ጠንቶ፣ ዜማውን ጥሎ ወደ አስኳላ የኮበለለ አይደለም ወይ? ምን ይዞ እንደ ኮበለለ ማን ያውቃል?

ይህን ሁሉ እሱ አልሰማም። የሰማው በኅዳር ሚካኤል ማኅበር ላይ ነው፤ ያውም ሁለተኛውን ዋንጫ ጠላ ጨርሶ። የእድሩ ዳኛ አያ እንየው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው፣ ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣

«አንተ መምህር፣ ያን ለት ደመናውን የመለስከው አንተ ነህ አሉ» አሉት።

እሱባለው ሳቀና፣ «ታዲያ ማን ሊመልሰው ኖሯል?» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሳቀው ብቻውን ነበር። ከማኅበርተኛው አንዱ ከተቀመጠበት መደብ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀለት፤ አሳላፊው ከቄሱ ቀጥሎ የእሱን ዋንጫ ሞላ። «ቀልዴን እኮ ነው» አለ እሱባለው። አያ እንየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዴታ፣ ቀልድዎን ነው» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንተ የሚለው ሰው ጠፋ። በሳር አምባ ከፀደይ በቀር ሁሉም እርስዎ አለው። መንገድ ላይ ሲያገኙት ጥግ ይይዛሉ። እናቶች ሕፃን ልጃቸውን በነጠላ ሸፈን ያደርጋሉ። የእሱን በሬ የነካ ሰው ተመልሶ ይቅርታ ይጠይቃል። እሱባለው መጀመሪያ ገረመው፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ በመጨረሻ ፈራ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አሞራውን ይዞ ሰዉ ከተሰበሰበበት ዛፍ ሥር ቆመ። «እስቲ እዩት» አለ። «ይኼ የድሮ የሰባተኛ ክፍል ፈተና ነው። ይኼ ጥቁሩ ልጆቻችሁ የጻፉት፣ ቀዩ እኔ ያረምኩት። ሌላ ምንም የለበትም።»

አያ እንየው ቀረብ ብለው በጣታቸው ሳይነኩ ጠቆሙ። «ይህች መስቀል የምትመስል ምንድን ናት? ብዙ ቦታ አየኋት።»

«እሷማ ኤክስ ናት።»

«ምን ማለት ናት?»

እሱባለው አስተማሪ ነውና እውነቱን መለሰ። «የማይታወቅ ነገር ማለት ናት። ያልታወቀውን በእሷ እንጠራዋለን፣ ከዚያ እንፈልገዋለን።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ወዲያ የተናገረውን የሰማው የለም።

ወደ ቄስ ገብረ ሕይወት ሄደ። «አባ፣ እባክዎ አንድ ቀን በስብከት ይንገሩልኝ፤ ሰዉ ተሳስቷል» አላቸው። ቄሱ አዘኑለት፤ እናገራለሁ አሉት። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው፣ «በእግዚአብሔር ሰማይ ጣልቃ የሚገቡ፣ ጥበብ አገኘን ብለው ደመናን የሚያዙ ወንድሞች አሉ፤ ልብ ይስጣቸው» አሉ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አሜን አለ፤ ዐይኑ ሁሉ እሱባለው ላይ ነበር።

በቃ፣ አላበርም አለ። አሞራውን ከቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የማያበሩትን ነገር ማንም አይጠረጥረውም ብሎ አሰበ፤ ይህም ሌላ ስሌት ነው።

ዘንድሮ የመስቀል ሰሞን ታላቅ እህቱ አበራሽ መጣች። አበራሽ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ጓሳ ሜዳ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱባለው የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ትማር ዘንድ ማንም ያላሰበላት ይህች ሴት ለእሱ ደብተር የገዛችው የጥሎሿን አልቦ ሸጣ ነው። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልጆችና አንድ ቁራጭ የገብስ ማሳ ትቶላት ነው የሄደው። በዓለም ላይ እሱባለውን ያለ ምንም ምክንያት የሚወደው ሰው ቢቆጠር የመጀመሪያዋ እሷ ናት፤ እሱም ይህን ያውቃል።

ተቀምጣ ግድግዳውን አየች።

«ወንድማለም፣ ያ ነገርህ አለ ለካ።»

«አለ፤ ተሰቅሏል። ምነው?»

«ዘንድሮ ገብሴን አይተኸዋል? ካቻምና ዝናብ ቀረብኝ፣ አምና ዋግ በላብኝ። ዘንድሮ ግን ቆሜ ሳየው እፈራለሁ፤ የሰው ዐይን እንዳይገባበት እያልሁ። እኔና ልጆቼ ሌላ የለንም።»

«እግዜር ይመስገን ነዋ።»

«ደመናው ከእናንተ ሲመለስ የሚወርደው እኛ ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መሪጌታ ፍሬው በሕይወት ሳሉም እንዲያው ነበር።»

እሱባለው የሰማውን ማመን አቃተው። «እታለም፣ አንቺም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው የሚለውን ነው የምልህ።»

«ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀት ከሆነማ አለማብረሩ ምን ይጎዳሃል?»

እጇን ያዘ። «እንዳላበረው እምልልሻለሁ» አለ። «ካበርሁት የእናታችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።» አበራሽ ፊቷ ፈካ። ልጅ ሳለ ታደርግ እንደ ነበረው ግንባሩን ሳመችውና ጀንበር ሳትጠልቅ ወንዙን ልሻገር ብላ ሄደች። እሱባለውም ቀለለው። ቢያንስ አንድ ሰው አሳረፍሁ አለ።

የጥቅምት አቦ ለት ነው ነገሩ የመጣው። ገብሱ ደርሷል፤ ማጭድ ተስሏል፤ ግን የአቦ ለት ገብስ የሚያጭድ የለም። ሁሉም ነገ ብሎ ቤቱ ውሏል። ከሰዓት በኋላ ከጉና በኩል ያ ሆዱ ነጣ ያለው ደመና ብቅ አለ።

እሱባለው ከደጁ ወጥቶ ወደ ማዶ፣ ወደ ጓሳ ሜዳ አየ። ወዲያው አያ እንየው ከስድስት ሽማግሌዎች ጋር በግቢው በር ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው ነው። አያ እንየው ማጅራታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ ሲመጣ ይቅር አልልም ማለት በዚያ አገር የለም፤ ይቅር የማይል ሰው ቀባሪ አያገኝም።

«አያ እንየው፣ ምን ሆነዋል፣ ያውርዱት» ብሎ ሮጠ።

ሽማግሌው ተንበረከኩ። «አስቀይመንዎታል» አሉ። «በአፋችንም በልባችንም አምተንዎታል። ቄሱም አደባባይ ላይ ተናግረውብዎታል። ቢከፋዎ ነው እንጂ ዓመት ሙሉ የሰቀሉት ያለ ነገር አይደለም። ማሩን። ገብሱ ነገ ሊታጨድ ነው።»

«አልከፋኝም። ማንም አላስቀየመኝም። ወረቀት ነው አያ እንየው፤ በመቃ የተለጠፈ የልጆች ፈተና ነው። ደመና አያውቅም፣ በረዶ አያውቅም።»

«ወረቀት ከሆነማ ማብረሩ ምን ይጎዳዎታል?» አሉ አያ እንየው።

እሱባለው አበራሽን አስታወሰ። ሁለት ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆታል፤ ለሁለቱም ልክ የሆነ መልስ የለም። «ምያለሁ» ሊል አሰበ፤ ለማን እንደማለ ቢናገር ደግሞ፣ ለማዶ ሰዎች አደላብን ሊሉት ነው። ቄስ ገብረ ሕይወትን በዐይኑ ፈለጋቸው። ከሰዉ ኋላ ቆመዋል፤ ቀረብ ብለው በጆሮው፣ «ይህን ማመን ኃጢአት ነው» አሉትና ደመናውን ቀና ብለው አይተው፣ «ለማንኛውም ግን ሽማግሌው ጉልበታቸው ያማቸዋል» አሉ።

«ሰውዬው አልፈልግም አለ፤ ተዉት» አለች ፀደይ ከበሩ። ማንም አልሰማት። አያ እንየው ከነድንጋያቸው ተንበርክከዋል። ነጎድጓዱ ቀረበ። አንዲት ሴት ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር።

እሱባለው ገብቶ አሞራውን ከግድግዳው አወረደ።

ጉብታው ላይ ሲወጣ መንደሩ በሙሉ ከኋላው ነበር። ነፋሱ ከጉና ወደ ወንዙ ይነፍሳል፤ አሞራ ደግሞ ነፋስ ወደሚሄድበት ነው የሚሄደው። ገና ከመልቀቁ ከእጁ መንጭቆ ወደ ማዶ ቀና። እሱባለው ሁሉንም ያውቀዋል፤ አሞራውንም ደመናውንም የሚነዳው አንድ ነፋስ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያዝም። ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ በአምስት ደቂቃ ያስረዳዋል። ከኋላው የቆመው ሕዝብ ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ መምህሩ እጁን ዘርግቶ ወደ ጓሳ ሜዳ ሲያመለክት።

ከሩቅ የአበራሽ ቤት ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ከቤቱ በታች ያለው ቢጫ ቁራጭ ማሳዋ ነው።

ክሩን መሰብሰብ ጀመረ። ከኋላው ሰዉ አጉረመረመ፤ «ሊያወርደው ነው፣ እምቢ አለ» የሚል ሰማ። እጁ ቆመ። ቢያወርደው ሳር አምባን አስበላ፤ ቢተወው እህቱ ላይ እያመለከተ ነው። እንግዲህ ሦስተኛ መንገድ ፈለገ፤ አገኘሁም ብሎ አሰበ። ኪሱ ውስጥ ወረቀት የሚቆርጥበት ምላጭ አለ። ክሩን ብበጥሰው ገደል ይገባል፤ አሞራ የሚባል ነገር ከዛሬ በኋላ አይኖርም፤ እኔም ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ። ምላጩን አውጥቶ ክሩን በጠሰው።

አሞራው ግን ገደል አልገባም። ክር የተበጠሰበት አሞራ ይወድቃል ብሎ ነበር፤ የዚያን ቀን ነፋስ ግን ተሸክሞት ሄደ። ጅራቱን እያወዛወዘ ወንዙን ተሻገረ። «ሰደደው» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አሞራው እያነሰ እያነሰ ሄዶ ከዐይን ጠፋ። ደመናውም ተከትሎት በሳር አምባ ላይ አለፈ፤ ባቄላ የሚያክሉ ጥቂት በረዶዎች ጣል ጣል አደረገና ተሻገረ። ከማዶ ነጭ መጋረጃ ወረደ። ቆርቆሮው ጠፋ፤ ቢጫው ማሳ ጠፋ፤ ጓሳ ሜዳ በሙሉ ጠፋ።

ሴቶቹ እልል አሉ። አያ እንየው እስከ ጉብታው የተሸከሙትን ድንጋይ መሬት ላይ አስቀምጠው የእሱባለውን ጉልበት ሳሙ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እሱባለው እንደ ቆመ ቀረ፤ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ በሰው ደስታ መሐል ማልቀስ ደግሞ አሳፈረው።

ያን ቀን ሊሻገር ወረደ፤ ወንዙ ሞልቷል። በማግስቱም ሞልቷል። እነአያ እንየው ገብሳቸውን ሲያጭዱ ዋሉ፤ አመሻሹ ላይ በየተራ እየመጡ ከእሱባለው ደጅ ቁና ቁና ገብስ አስቀምጠው ሄዱ። «አልቀበልም» አለ። «አይቀበሉ፣ እኛ ግን አስቀምጠናል» አሉት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንዙ ጎደለ። እሱባለው ሊሄድ ጫማውን ሲያስር አበራሽ ራሷ በበሩ ገባች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። በብብቷ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች፤ በሌላው እጇ ትንሽ ቁና። ሊያቅፋት ተነሣ። እሷ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችው።

«እታለም።»

ነጠላውን ፈታችው። አሞራው ነው። መቃው ተሰብሯል፤ ወረቀቱ በበረዶው ተበሳስቶ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሏል። «ማሳዬ መሐል ነው ያገኘነው» አለች። «የጠፋብዎ እንዳይሆን ብዬ አመጣሁት።»

«እታለም፣ እኔ ነኝ እኮ። አንተ በይኝ። የበጠስሁት ገደል እንዲገባ ብዬ ነው። ነፋሱ ነው የወሰደው። ወረቀት ነው። እናታችንን፣ ወረቀት ነው።»

ትጮህብኛለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ትራገማለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ መሐላህን በላህ ብትለው፣ በጥፊ ብትመታው፣ ያን ይችለው ነበር። እሷ ግን ከአያ እንየው የሰማውን ያንኑ የተመጠነ አነጋገር ተናገረች። «እንዴታ። ወረቀት ነው» አለች።

ከዚያ ቁናውን በሁለት እጇ ወደ እሱ ዘረጋች። ግማሽ ያህል ገብስ አለበት፤ ጭቃ የነካው፣ ከመሬት አንድ በአንድ የተለቀመ፤ ልጆቿ ሁለት ቀን ሲለቅሙት የዋሉት። «በረዶው ያስተረፈው ይኸው ነው» አለች። «ትንሽ ናት፤ አይናቁን። ለከርሞ እኛንም ያስቡን።»

እሱባለው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ፊቷ ላይ ያን ጊዜ ያየውን ፍርሃት በልጅነቱም በጎልማሳነቱም አይቶት አያውቅም። ባይቀበላት ቂም ይዞብኛል፣ የከርሞውም ማሳዬ ጠፋ ብላ ነው ወንዙን የምትሻገረው። ቢቀበላት ደግሞ ነገሩ ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው። ፀደይን አየ፤ ፀደይ ፊቷን አዞረች።

አበራሽ ቁናውን እንደ ዘረጋች ትጠብቃለች። ቁናውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች፤ ቀለላት። እንደ ገና ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠው እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ ወጣች።